ዞሮ፣ በነባሩ ወይስ በመሐል? የመንገድ መስመር ሲመረጥ የዱር እንስሳትን መኖሪያ ማመዛዘን

አዲስ መንገድ ሲታሰብ ለውሳኔ የሚቀርበው ካርታ ብዙውን ጊዜ ሦስት መስመር ይዞ ይመጣል። አንደኛው ቀጥ ብሎ ፓርኩን ወይም ደኑን ይሰነጥቃል፤ ሁለተኛው ቀድሞ የነበረውን የጠጠር መንገድ ይከተላል፤ ሦስተኛው ራቅ ብሎ ይዞራል። ከካርታው ጋር የተያያዘው ሠንጠረዥ የእያንዳንዱን ርዝመት፣ ወጪና የግንባታ ጊዜ በቁጥር ያስቀምጥና መጨረሻው ረድፍ ላይ ሲደርስ ቁጥሩ ይጠፋል፤ «በዱር እንስሳት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት» በሚለው ርዕስ ሥር «ዝቅተኛ»፣ «መካከለኛ»፣ «ከፍተኛ» የሚሉ ቃላት ብቻ ይቀራሉ። ይህ ጽሑፍ ያንን ረድፍ ለሚሞላ ወይም የተሞላውን ለሚመረምር ሰው ነው፤ የወረዳ ባለሙያ፣ ተማሪ፣ ጋዜጠኛ፣ ወይም ለምክክር ስብሰባ የተጠራ ሽማግሌ ሊሆን ይችላል። ዓመቶቹ በሌላ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። «መንገዱ በፓርኩ ውስጥ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» የሚለውን ሁሉም ሰው ይጠይቃል፤ ስለ እንስሳቱ ዕጣ ግን ይህ ጥያቄ የሚነግረን ጥቂት ነው። መንገዱ ምንን ከምን ይለያል? ከመንገዱ በኋላ ማን ይመጣል? ብዙ መስመሮች በመጀመሪያው ጥያቄ አልፈው በእነዚህ በሁለቱ ይወድቃሉ።

ሦስት ጉዳቶች፣ ሦስት ሚዛኖች

የመጀመሪያው ጉዳት በአስፋልቱ ሥር የሚጠፋው መሬት ነው። 30 ሜትር የወሰን ስፋት ያለው መንገድ በ10 ኪሎ ሜትር ርዝመቱ የሚወስደው 30 ሄክታር ብቻ ነው። ከፓርኩ ጠቅላላ ስፋት ጋር ሲነጻጸር ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ሪፖርቶች ይህን ቁጥር የሚወዱትም ለዚህ ነው። ትክክለኛ ስሌት ነው፤ ጉዳቱን ግን አይለካም።

ሁለተኛው ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሚዘረጋው የተጽዕኖ ክልል ነው። ድምፅ፣ መብራት፣ አቧራና የሰው ሽታ እንስሳትን ያሸሻሉ። በ2010 የታተመ አንድ ትንተና 49 ጥናቶችን አሰባስቦ 234 የአእዋፍና የአጥቢ ዝርያዎችን ተመልክቶ ነበር። ከመንገድና ከመሰል ግንባታዎች አጠገብ የአእዋፍ ቁጥር እስከ 1 ኪሎ ሜትር፣ የአጥቢዎች ቁጥር ደግሞ እስከ 5 ኪሎ ሜትር ርቀት ድረስ ቀንሶ አግኝቷል። እንግዲህ ያ 30 ሄክታር ለትልልቅ አጥቢዎች ሲታሰብ በብዙ መቶ እጥፍ ያድጋል።

ሦስተኛው መቆራረጥ ነው፤ ይህን ማንም ሰው በወረቀትና በእርሳስ ሊያሰላው ይችላል። በሁሉም ጎን 10 ኪሎ ሜትር የሆነ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው መኖሪያ እናስብ። መንገዱ በመሐሉ ካለፈ 50 እና 50 ሆኖ ይከፈላል። ከዳሩ ግማሽ ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ካለፈ ደግሞ 95 እና 5 ይሆናል። የመንገዱ ርዝመት በሁለቱም 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ የጠፋው መሬትም እኩል ነው። አሁን በዚህ ቦታ ሁለት እንስሳት በዘፈቀደ ቢቀመጡና መንገዱን መሻገር ባይችሉ፣ በአንድ ወገን የመገኘታቸው ዕድል ስንት ነው? በመሐል ሲያልፍ ከመቶ 50፣ በዳር ሲያልፍ ከመቶ 90.5 ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የእያንዳንዱን ቁራጭ ስፋት በራሱ ማባዛት፣ ውጤቶቹን መደመር፣ ድምሩን በራሱ ለተባዛው ጠቅላላ ስፋት ማካፈል። ለእያንዳንዱ የመስመር አማራጭ ይህ ቁጥር በሠንጠረዡ ውስጥ ቢገባ «መካከለኛ» የሚለው ቃል መሸሸጊያ ያጣል።

እነዚህ ሦስቱ ከተለኩም በኋላ የሚከተለው ይቀራል። በብራዚል አማዞን ከተመነጠረው ደን 95 በመቶ ያህሉ ከመንገድ በ5.5 ኪሎ ሜትር ወይም መጓጓዣ ከሆነ ወንዝ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ እንደሚገኝ በ2014 የታተመ ጥናት አሳይቷል። መንገዱ ራሱ ዛፍ አልቆረጠም፤ ለመጋዝ፣ ለከሰልና ለእርሻ በር ከፈተ። ስለዚህ ሁለት መስመሮች በወረቀት ላይ ቢተካከሉ እንኳ አንዱ ሰው በሌለበት ሸለቆ፣ ሌላው ቀድሞ በታረሰ መሬት የሚሄድ ከሆነ እኩል አይደሉም።

አንደኛው አማራጭ፦ ዞሮ ማለፍ

በአገራችን የዚህ ጉዳይ ትልቁ ትምህርት ቤት ሰሜን ተራሮች ነው። ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንካበርና በጨነቅ በኩል፣ የቧሂትን ማለፊያ ወጥቶ ወደ ድልይብዛ የሚወርደው መንገድ ዋልያና ጭላዳ የሚውሉበትን ገደል ዳር ዳሩን ይዞ ይጓዛል። ፓርኩ በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ ነበር፤ በ1996 ግን በአደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ። የተጠቀሱት ምክንያቶች የዋልያ ቁጥር መቀነስ፣ የሰፈራ መስፋፋትና የመንገድ ግንባታ ነበሩ። ከመዝገቡ የወጣው ከሃያ ዓመት በኋላ በ2017 ነው። በዚያ ጊዜ ከተነሡት ጉዳዮች አንዱ በፓርኩ ውስጥ የሚያልፈውን የተሽከርካሪ ጫና የሚያቃልል፣ በውጭ የሚሄድ አማራጭ መንገድ ነው።

ከዚህ የምወስደው ነገር ወጪን የሚመለከት ነው። ዞሮ የሚሄደው መስመር ውድ ነው ተብሎ ይተዋል፤ ከዓመታት በኋላ ግን ያው መስመር በተጨማሪ ይሠራል። አገሪቱ ለሁለት መንገድ ትከፍላለች ማለት ነው። የዙሪያው መስመር ዋጋ ሲሰላ «አሁን ከተሠራ» እና «ኋላ ከተሠራ» ተብሎ በሁለት ዓምድ ቢቀመጥ ውድድሩ መልኩን ይለውጣል።

የሴሬንጌቲ ክርክርም በዚሁ ላይ ያጠነጠነ ነበር። ታንዛኒያ በ2010 ይፋ ባደረገችው ዕቅድ አዲሱ አውራ ጎዳና በፓርኩ ሰሜናዊ ክፍል 53 ኪሎ ሜትር ያቋርጥ ነበር። ከ1.3 ሚሊዮን የማያንሱ ዊልደቢስት የተባሉ ሣር በል አጥቢዎች በየዓመቱ ወደ ኬንያው ማሳይ ማራ የሚሻገሩት በዚያው ጠባብ ክፍል ነው። 53 ኪሎ ሜትር ከግዙፉ ሴሬንጌቲ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ይመስላል፤ ግን የተቆረጠው የጉዞው ጉሮሮ ነው። በናይሮቢ የሚገኝ አንድ የእንስሳት ደኅንነት ድርጅት ጉዳዩን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የፍትሕ ፍርድ ቤት ወሰደው፤ ፍርድ ቤቱም በሰኔ 2014 ዕቅዱ ቢፈጸም የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብን ስምምነት የሚጥስ እንደሚሆን ወሰነ። ተቃዋሚዎቹ ባዶ እጃቸውን አልመጡም፤ ከፓርኩ በስተደቡብ የሚዞር፣ ረዘም ቢልም ብዙ ሕዝብ የሚያገናኝ መስመር ይዘው ነበር። ለአካባቢ ጥበቃ የሚቆም ሰው ከዚህ ሊወስደው የሚገባ ስልት አለ። «አይሆንም» የሚለው ብቻውን ሲቆም የልማት ጠላት ይባላል፤ «በዚህ በኩል ቢሄድ ይህን ያህል ቀበሌ ይደርሳል» የሚለው ግን ይደመጣል።

ዞሮ ማለፍ ሁልጊዜ ይሻላል ማለት ግን አይደለም። የፓርክ ወሰን በወረቀት የተሰመረ መስመር ነው፤ እንስሳቱ አልፈረሙበትም። በባሌ የሐረና ደን ከፓርኩ ወሰን ውጭ ይቀጥላል። በብዙ የቆላ ፓርኮች ደግሞ እንስሳት በደረቅ ወራት ወሰኑን ተሻግረው ውኃና ግጦሽ ይፈልጋሉ። ዙሪያው የሚሄደው ቀድሞ በታረሰና በተሰፈረ መሬት ከሆነ ያለማመንታት እመርጠዋለሁ። ባልተነካ ደን የሚሄድ ከሆነ ግን «ፓርኩን አልነካም» የሚለው ማስታወቂያ ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛው አማራጭ፦ ነባሩን ማሻሻል

ይህ በጣም የሚዘወተር፣ ከሁሉም በላይ የሚያታልል አማራጭ ነው። መንገዱ ቀድሞውኑ አለ፤ ጠጠሩን አስፋልት ማድረግ ምን ጉዳት አለው?

መልሱን ለማየት ወደ ባሌ እንሂድ። ከጎባ ተነሥቶ በሪራ በኩል ወደ ዶሎ መና የሚወርደው መንገድ የሳነቴን አምባ ያቋርጣል። ቦታው 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ ጅብራ እዚህም እዚያም የቆመበት ሜዳ ነው፤ ከጫፉ ላይ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ይገኛል። በዓለም ላይ ከቀሩት ከ500 ያነሱ አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ነው። ቀይ ቀበሮ የሚያድነው በቀን ነው። የሚበላውም አይጥና ፍልፈል ሲሆን ከእነዚህ ዋነኛው ግዙፉ ፍልፈል ከባሌ ተራሮች በቀር በዓለም የትም የለም። ለመንገድ ግምገማ ይህ ማለት ሁለት ነገር ነው፤ እንስሳው መኪና በሚበዛበት በቀን ይንቀሳቀሳል፣ ምግቡም መንገዱ በሚያልፍበት ለም አፈር ውስጥ ተቀብሮ ይኖራል።

አስፋልት የሚለውጠው ፍጥነትን ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው የሚጓዘው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በጠጠር መንገድ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይነዳ የነበረ ሾፌር በአስፋልት 80 ቢነዳ፣ ድንገት ለገባበት ቀበሮ የሚያቆምበት ዕድል በእጅጉ ወርዷል። በሳነቴ በተሽከርካሪ የተገደሉ ቀይ ቀበሮዎች ቀድሞም ተመዝግበዋል። ብዛታቸው ለትልቅ መንጋ ኢምንት ሊሆን ይችላል፤ ጥቂት መቶ ብቻ ለቀረው ዝርያ ግን አንዲት ወላድ እናት ብትጎድል ትቆጠራለች።

እኔን ከመኪናው የበለጠ የሚያሳስበኝ ውሻው ነው። አስፋልት ሲመጣ ሻይ ቤት ይከተላል፤ ሻይ ቤቱ ባለበት ቤት ይሠራል፤ ቤቱን ውሻ ይጠብቀዋል። የባሌ ቀይ ቀበሮዎችን ደጋግሞ የፈጃቸው ከቤት ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ2003 እና በ2004 በወብ ሸለቆ በተነሣው ወረርሽኝ ከዚያ አካባቢ ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል አልቀዋል። ወደ ወብ ሸለቆ ያን በሽታ ያመጣው መንገድ አይደለም፤ ከእረኞችና ከከብቶቻቸው ጋር የወጡ ውሾች ናቸው። ግን መንገድ የሚያመጣውን ሰፈራ ስንገምት ምን እየገመትን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። «በግጭት የሚሞቱ እንስሳት ጥቂት ይሆናሉ» ብሎ የሚያቆም ሪፖርት ዋናውን ገዳይ ሳይጠቅስ ፈርሟል።

ስለዚህ ነባሩን የማሻሻል አማራጭ የሚመዘነው ከቅድመ ሁኔታዎቹ ጋር ብቻ ነው። በመንገዱ ዳር ሰፈራና ሱቅ እንዳይከፈት የሚከለክል፣ የሚያስፈጽመውም ታውቆ የተሰየመ ውሳኔ ያስፈልጋል፤ የአካባቢው ውሾች ክትባትም አብሮ መታሰብ አለበት። ገረጋንቲ የሚቆፈርበትና የድንጋይ ካባ የሚከፈትበት ቦታ ከፍልፈሉ ሜዳ ውጭ ይሁን። ፍጥነትን ምልክት ሰሌዳ ብቻውን አይገታውም። በታንዛኒያ የሚኩሚ ፓርክን ለ50 ኪሎ ሜትር ያህል የሚያቋርጠው አውራ ጎዳና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች አሉት፤ እንስሳ የገጨ ሾፌርም እንደ ዝርያው ዓይነት ይቀጣል። በሕንድ ባንዲፑር ደግሞ ከ2009 ጀምሮ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በአገራችን አቆጣጠር ትራፊክ የተከለከለ ነው። ከአካባቢው ነጋዴዎችና ከጎረቤት ክልል ብዙ ተቃውሞ ቢነሣም እገዳው ለዓመታት ጸንቷል። ዘዴዎቹን ከመዋስ በፊት ግን የእንስሳውን ሰዓት መጠየቅ ይገባል፤ የሌሊት እገዳ ለዝሆንና ለነብር ይጠቅማል፣ በቀን ለሚያድነው ቀይ ቀበሮ ግን ያን ያህል አይረዳም። ለሳነቴ የቀን ፍጥነት ይቀድማል።

ሦስተኛው አማራጭ፦ አዲስ መንገድ በመሐል፣ ከመሻገሪያ ጋር

የዚህ አማራጭ ደጋፊዎች የሚጠሩት ምስክር የካናዳው ባንፍ ነው፤ ሊጠሩትም ይገባል። በባንፍ ብሔራዊ ፓርክ አውራ ጎዳናው በሁለት ወገን ታጥሮ 44 መሻገሪያዎች ተሠርተውለታል፤ 6ቱ ከላይ የሚያልፉ፣ 38ቱ ከሥር የሚያልፉ ናቸው። የእንስሳትና የመኪና ግጭት ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል። በአህጉራችንም በ2011 በኬንያ ከናንዩኪ ወደ ሜሩ በሚወስደው መንገድ ሥር ለዝሆኖች መተላለፊያ ተከፍቶ የኬንያን ተራራ ከቆላው የሚያገናኘው 14 ኪሎ ሜትር ኮሪደር አካል ሆኗል፤ ዝሆኖቹም ተጠቅመውበታል። በናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ የባቡር ሐዲዱ 6 ኪሎ ሜትር በሚሆን ድልድይ ላይ ወጥቶ እንስሳቱ ከሥሩ እንዲያልፉ ተደርጓል። በሕንድ የፔንች ነብር ክልል ውስጥ የሚያልፈው ጎዳና ከሥሩ ርዝመታቸው ከ50 እስከ 750 ሜትር የሚደርስ ዘጠኝ መተላለፊያዎች አሉት።

ታዲያ ለምን የመጨረሻ ምርጫዬ ይሆናል? መሻገሪያ የሚሠራው ከሦስት ነገሮች ጋር ሲጣመር ነውና። ቦታው እንስሳቱ ቀድሞ በሚሄዱበት ዱካ ላይ መዋል አለበት፤ አጥሩ እንስሳውን ወደ መሻገሪያው እንዲመራ ሆኖ መዘርጋትና መጠገን አለበት፤ ከመሻገሪያው በሁለቱም ወገን ያለው መሬት እርሻና ሱቅ ሳይሆን መኖሪያ ሆኖ መቆየት አለበት። ሦስቱም ከግንባታ በኋላ ለዓመታት የሚቀጥሉ ሥራዎች ናቸው። ሥራ ተቋራጩ መንገዱን አስረክቦ ሲሄድ አጥሩን ማን ይጠግናል? ለጎርፍ የተሠራ ቱቦም በሪፖርት ውስጥ «የእንስሳት መተላለፊያ» ተብሎ ሲመዘገብ አትመኑ፤ ጃርት ይሾልክበት ይሆናል፣ ሳላ ግን ጨለማ ጉድጓድ ውስጥ አንገቱን አያስገባም።

ሳላን ካነሣን አዋሽን እንይ። የአገሪቱን የወጪና ገቢ ንግድ የሚሸከመው የጅቡቲ መንገድ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክን ሰሜንና ደቡብ አድርጎ ይከፍለዋል፤ በደቡብ የኢላላ ሳላ ሜዳ፣ በሰሜን የፈንታሌ ተራራ ወገን ይቀራል። የትራፊክ ብዛት የሚያመጣው ለውጥ እዚህ ላይ ይታሰባል። መኪና ጥቂት ሲሆን እንስሳት ጠብቀው ይሻገራሉ፤ ትራፊኩ መካከለኛ ሲሆን ይሞክሩና ብዙዎቹ ይሞታሉ፤ ከባድ መኪና በተከታታይ ሲፈስ መሻገሩን ራሱን ይተዋሉ። በዚህ በመጨረሻው ደረጃ የሞት መዝገቡ ሊቀንስ ይችላል። «የተገጩ እንስሳት ቁጥር ወርዷል» የሚል ዘገባ ሲመጣ እንግዲህ ወደ ደስታ ከመሮጥ በፊት የቀሩት ስንት ናቸው ማለት ይገባል።

አጥር ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ትራፊኩ ከባድ ለሆነበት መንገድ መሻገሪያ የሌለው አጥር ግድግዳ ነው፤ አጥር የሌለው መሻገሪያም ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ማባከን ነው። እንደ ሳነቴ ትራፊኩ ለሚያንስበት ሜዳ ግን አጥር ባይኖር ይሻላል፤ የቀበሮ ግዛት በመንገዱ በሁለቱም ወገን ሊዘረጋ ይችላልና።

«ምንም አለመሥራት» የሚለውም በሠንጠረዡ ውስጥ መግባት ያለበት አማራጭ ነው፤ ለመምረጥ ባይሆን እንኳ ለማነጻጸር። መንገድ ባይሠራ መኖሪያው ባለበት ይቆያል ብሎ መገመት ግን ስሕተት ነው፤ ግጦሹና እርሻው ያለ መንገድም እየገፋ ሊሆን ይችላል። ስለ ማካካሻ ብዙ አልልም፤ በሌላ ቦታ ዛፍ በመትከል በአንድ ተራራ ላይ ብቻ የሚኖር ፍልፈል አይካስም።

መረጃው በምን ይሰብሰብ?

አማራጮቹን ለማነጻጸር የሚውለው መረጃ ራሱ ምርጫ ይፈልጋል። የሳተላይት ምስል ርካሽና ፈጣን ነው፤ ደኑ የት እንዳለ፣ እርሻው ምን ያህል እንደገፋ ያሳያል፤ በደኑ ውስጥ ማን እንደሚኖር ግን አይናገርም። በተወሰነ መስመር ተጉዞ መቁጠር እንደ ኢላላ ሳላ ባለ ገላጣ ሜዳ ጥሩ ነው፤ በሐረና ዓይነት ጥቅጥቅ ደን ውስጥ ቆጣሪው ከእንስሳው ይልቅ ቅጠል ያያል። እዚያ ራሱን ችሎ ፎቶ የሚያነሣ ካሜራ ያስፈልጋል፤ የሌሊቱን እንስሳ የሚያሳየው እሱ ነው። ዋጋው ግን ከፍ ይላል፣ ስርቆትም አለበት። በአንገት ላይ የሚታሠር ጂፒኤስ የመሻገሪያውን ነጥብ በትክክል የሚያሳይ ምርጥ መሣሪያ ቢሆንም ለጥቂት እንስሳት ብቻ የሚቻል ነው፤ ብርቅ ዝርያን ይዞ ማሠርም የራሱ አደጋ አለው።

ገንዘብ ካነሰ ምርጫዬ ዱካ፣ ፋንድያና ጉድጓድ መቁጠር፣ ከእረኞችም ጋር ካርታ መሥራት ነው። እረኛ የከብት መንገድና የዱር እንስሳት መንገድ የት እንደሚገናኙ፣ በየትኛው ወር ጅብ በየት እንደሚወርድ ያውቃል። ከአንድ ሰው ብቻ አይወሰድም፤ ሦስት አራት ሰዎች በየተራ፣ አንዱ የሌላውን ሳይሰማ መስመሩን በካርታው ላይ ሲያሠምሩ የሚደራረበው ቦታ ለካሜራ የሚመረጥ ነጥብ ይሆናል። በዚህ መንገድ ጥቂት ካሜራ ብዙ ይሠራል።

ከዘዴው በላይ ወሳኙ ወቅቱ ነው። አጥኚ ቡድኖች መኪና በሚገባበት በበጋ መሄድ ይቀናቸዋል። በበጋ የተቆጠረ ሜዳ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ በክረምት ግን እንስሳት የሚዋለዱበት ቦታ ይሆናል። ተቃራኒውም አለ፤ በቆላ በደረቁ ወራት እንስሳቱ ሁሉ ወንዝ ዳር ስለሚሰበሰቡ በወንዙ አቅራቢያ የሚያልፍ መስመር ጉዳቱ የሚታየው ያኔ ብቻ ነው። ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ያልሸፈነ ጥናት ለመስመር ምርጫ አይበቃም ባይ ነኝ። መንገዱ የማይነካው ተመሳሳይ ቦታም አብሮ ይቆጠር፤ ከግንባታው በኋላ ቁጥሩ ቢወርድ ድርቅ ይሁን መንገዱ የሚለይልን ያ ንጽጽር ነው።

የትኛው መቼ?

በመስመሩ ላይ በአንድ አካባቢ ብቻ የሚኖር ዝርያ ወይም ሌላ አማራጭ የሌለው ጠባብ መተላለፊያ ካለ፣ ዙሪያውም የታረሰ መሬት ከሆነ፣ ዞሮ ማለፍ ርዝመቱ ቢጨምርም ይመረጥ። ዙሪያው ያልተነካ ደን ከሆነና ነባር መንገድ ካለ፣ ነባሩን በጥብቅ ቅድመ ሁኔታ ማሻሻል ይሻላል፤ ቅድመ ሁኔታውን የሚያስፈጽም አካል በስም ካልተጠቀሰ ግን ጠጠሩ ጠጠር ሆኖ ቢቆይ እመርጣለሁ። በመሐል የሚያልፍ አዲስ መንገድ ተገቢ የሚሆነው ሌላ መልክዓ ምድራዊ መንገድ በእውነት ሲጠፋ፣ የመሻገሪያዎቹም ወጪ ከመነሻው በዋናው በጀት ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው። «በሁለተኛው ምዕራፍ ይሠራሉ» የተባሉ መሻገሪያዎችን እንደሌሉ ቆጥራችሁ አመዛዝኑ።

የሚቀረው ሪፖርቱን ማንበብ ነው። በአገራችን የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ከአዋጅ ቁጥር 299/1995 (ዓመቱ በአገራችን አቆጣጠር ነው) ጀምሮ በሕግ የሚጠየቅ ነው፤ አዋጁ የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ተደራሽ ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበትም ያዛል። ስለዚህ ሪፖርቱን መጠየቅ ልመና አይደለም። በእጃችሁ ሲገባ በመጀመሪያ የመስክ ሥራውን ቀናት ተመልከቱ፤ መስመሩ ተመርጦ ካለቀ በኋላ የተደረገ ጥናት ከሆነ የተቀረው ገጽ የማጽደቂያ ጽሑፍ ነው። ቀጥሎ የዝርያ ዝርዝሩ ለዚያ ቦታ የተሠራ መሆኑን አረጋግጡ፤ ከሌላ ሪፖርት የተገለበጠ ዝርዝር ብዙ ጊዜ በከፍታው ላይ ሊገኝ በማይችል እንስሳ ይጋለጣል። በመጨረሻም የካባውን፣ የገረጋንቲ መቆፈሪያውን፣ የሠራተኞች ካምፑንና በግንባታ ወቅት የሚከፈቱትን ተለዋጭ መንገዶች ካርታ ፈልጉ። ዋናው መስመር በጥንቃቄ ተመርጦ ካባው እንስሳት በሚዋለዱበት ሜዳ መሐል ሊከፈት ይችላል፤ ተለዋጭ መንገዱም ከግንባታው በኋላ ካልተዘጋ የከሰል መኪና መውጫ ሆኖ ይቀራል። ይህ ካርታ በሪፖርቱ ውስጥ ከሌለ ሦስቱን መስመሮች ማነጻጸር ገና አልተቻለም፤ አስተያየታችሁን በጽሑፍ አድርጋችሁ ካርታው ተሟልቶ እንዲቀርብ መልሱት።